የአራት ጎማ ኪራይ

«ልጅ አልወለደችለት፣ ፊርማ የላት። ታዲያ ምን ይገባታል ነው የምትይኝ?»

ድምፁ የመጣው ከዋናው ቤት የኋላ መስኮት ነው። የበያጁ ሚስት ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ስር ጎንበስ ብላ ጀሪካን እየሞላች ነበር። የውሃው ጩኸት ግማሹን ቃል ሲውጥባት ሳታስበው እጇ ቧንቧውን ዘጋው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን ያን ጠዋት ባዳ መሆን እምቢ አለ። ዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም፣ ድምፁን ዝቅ ለማድረግ እንኳን ሳይሞክር ቀጠለ። «የሞተው ወንድሜ ነው። የሞተው ያንቺ ልጅ ነው። እሷ ነገ ከነገ ወዲያ ሌላ አግብታ ትሄዳለች። እኔ የት እሄዳለሁ?» ከዚህ በኋላ የአማቷ ተራ ነበር። ጎንበስ እንዳለች፣ እርጥብ እጇ እየቀዘቀዘ፣ መልሳቸውን ጠበቀች። «ተው፣ እንዲህ አይባልም» ቢሉ ይበቃት ነበር። «እስኪ ዝም በል» ቢሉም ይበቃት ነበር። የሰማችው ግን ብርጭቆ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ለመስማት የዘጋችውን ቧንቧ ላለመስማት መልሳ ከፈተችው፤ ጀሪካኑ ሞልቶ እግሯን እስኪያርሰው ድረስም አልዘጋችውም።

ባሏ ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል። የሰፈሩ ሰው ግን ዛሬም «የበያጁ ሚስት» ነው የሚላት፤ ሌላ ስም ሊያወጣላት ማንም አልደፈረም። ባሏ በአንድ ረጅም ሕንፃ ላይ የመስኮት ብረት ሲበይድ የቆመበት መወጣጫ ከድቶት ወደቀ። አሠሪው ድርጅት ካሳውን የከፈለው ለእናቱ ነው። እሷና እሱ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ሊፈራረሙ ዛሬ ነገ ሲሉ አምስት ዓመት አለፈ፤ እሱ «ማን ሊለየን ነው የምንቸኩለው?» እያለ ይስቅ ነበር። በለቅሶ ቤት የገንዘብ ነገር ለማንሳት አፏ አልደፈረም። ደግሞም አማቷ፣ እማማ፣ ያውቃሉ ብላ ነው። እሷ የምትሠራው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው፤ እንደምንም ብለው የራሳቸውን ትንሽ ሱቅ ሊከፍቱ፣ ፊት ለፊት እሷ ፊልትሮና አምፖል ልትሸጥ፣ ከኋላ እሱ ሊበይድ፣ ይህን ሁሉ ከእማማ ጋር እራት እየበሉ ስንቴ አውርተውታል። ስለዚህ አንድ ቀን ይጠሩኛል እያለች ስትጠብቅ ኖረች። የሰው ፊት ስታነብ፣ የእግር ኮቴ ስታዳምጥ። የጠራት ግን ዋርሳዋ ሆነ።

ፊቱን ታጥቦ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ግቢው ውስጥ ባለችው ክፍሏ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሰፈሩ «ካፒቴን» ነው የሚለው፤ በልጅነቱ አጥር ላይ ተቀምጦ አውሮፕላን ሲያበርር ስለሚውል የወጣለት ስም ነው። ሲያድግ ሾፌር ሆነ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲያመላልስ ቆየ። ሠራተኛ ሲቀነስ ቀድሞ ከተቀነሱት አንዱ እሱ ነበር፤ ይኸው ሁለት ዓመት። ሥራ ባይኖረውም ሸሚዙን በየቀኑ ይተኩሳል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ ከዚያ ሳሎን ውስጥ ይቀመጣል። «እትዬ» አላት። እትዬ ካላት የሚፈልገው ነገር አለ፤ በሌላው ቀን «አንቺ» ናት። «እትዬ፣ ዛሬ ከሥራ ማስፈቀድ ትችያለሽ? አንዲት መኪና ሄጄ ላያት ነበር። አንቺ የዕቃ ዋጋ ታውቂያለሽ፤ ዓይንሽ አያልፈውም።» የጀሪካኑን ክዳን አጠበቀች። እምቢ ብትል ቅናት ነው ይባላል። ብትሄድ በባሏ ደም፣ በካሳው ብር፣ የሚገዛ መኪና መርጣ ልትመለስ ነው። ግን ደግሞ መንገድ ላይ አንድ ቦታ፣ ልቡ ሲለሰልስ፣ የልቧን ልትናገር ትችል ይሆናል። ለአለቃዋ ደወለችና አሞኛል አለችው። ውሸትም አልነበረም።

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሂሳቡን እሷ ከፈለች። ካፒቴን መንገዱን ሙሉ ስለ መኪናዋ አወራ። በስንት ሰከንድ ስንት እንደምትደርስ፣ መቀመጫዋ ቆዳ እንደሆነ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ሲጮህ ሰው ዞሮ እንደሚያያት። ለሙሽራ ትከራያለች፣ ለሆቴል እንግዳ ትቀርባለች፣ በዓመት ከመንፈቅ ገንዘቧን ትመልሳለች። «ሰው እኮ በሚነዳው መኪና ነው የሚከበረው» አላት። እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች የራሷን ሂሳብ ይዛለች። ካሳው ለመኪናዋ ልክክ ይላል፤ ለሌላ ነገር ሰባራ ሳንቲም አይተርፍም። ይህቺ መኪና ከተገዛች ሱቁ ቀረ፤ ሱቁ ከቀረ ደግሞ እሷ ከማን ቤት፣ በምን ስም ትኖራለች? የሰው ቤት የሰው ነው። ባሏ በሕይወት እያለ ግቢው ቤቷ ነበር፤ አሁን ግን ውሃ ስትቀዳ እንኳን ድምፅ ላለማሰማት የምትጠነቀቅበት ቦታ ሆኗል።

ሻጩ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ የተነጠፈ ግቢ፣ የተከረከመ ሣር፣ በሸራ የተሸፈነ መኪና። ሸራውን ሲገፈው ካፒቴን እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ አንድ እርምጃ ሸሸ፤ ዳኛ ፊት የቀረበ ነው የሚመስለው። ጥቁር ሰማያዊ፣ መሬት ላይ የተለጠፈች፣ ባለ አራት በር ግን የእሽቅድምድም መኪና ፊት ያላት ነበረች። ሐኪሙ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። «ሦስተኛ ልጅ መጣብን። አራት ሰው ከነእግሩ አይገባባትም» ብቻ አለ። ካፒቴን ከመግባቱ በፊት የጫማውን ሶል በመሐረብ ጠረገ። እሷ ከጎኑ ተቀመጠች። ሞተሩ ሲነሳ ከታች፣ ከወገቧ ስር፣ የሆነ እንስሳ የነቃ መሰላት።

ሰፊው መንገድ ላይ ሲደርሱ ረገጣት። የበያጁ ሚስት ጀርባዋ ከመቀመጫው ተጣበቀ፣ ሆዷ ወደ ኋላ ቀረ፣ ሳታውቀው ሳቀች። ስምንት ወር ሙሉ ስቃ አታውቅም፤ ሳቁ ከአፏ ሲወጣ የሌላ ሰው መሰላት። ዞር ብላ ካፒቴንን አየችው። ግንባሩ ተፈትቷል፣ ትከሻው ወርዷል፣ የታችኛውን ከንፈሩን ነክሶ መሪውን በሁለት ጣት ነው የያዘው። ልክ ወንድሙ ብረት ሲበይድ ከንፈሩን እንደሚነክሰው። ይግዛት፣ ምናለበት፣ ከቤታችን አንድ ሰው እንኳን ደስ ይበለው አለች በልቧ። ወዲያው ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገባና ጓ! አለ። ጥርስ ላይ ድንጋይ እንደመንከስ ያለ ድምፅ ነበር፤ ካፒቴን የራሱ ጥርስ የተሰበረ ይመስል ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ ወዳለው መንገድ ሲገቡ በእርምጃ ነው የነዳት።

የሐኪሙ ግቢ ተመልሰው ስትወርድ ቁጢጥ ብላ ጎማዎቹን አየች። የሱቅ ልማድ ነው፤ እጇ በራሱ ነው የሚሄደው። ጎማው ስስ ነው፣ ከብረቱ ቸርኬ ዳር እስከ መሬት አራት ጣት አይሞላም። የኋላዎቹ ከውስጥ በኩል ተላጭተው ሽቦ ሊያወጡ ደርሰዋል። የፊትና የኋላው የልክ ቁጥርም አንድ አይደለም። ሐኪሙ ስታይ አያት፤ አልተደበቀም። «አውቃለሁ። ዋጋውን ዝቅ ያደረግኩት በእሱ ምክንያት ነው» አለ። «እኔ ባለፈው ዓመት የፊቶቹን ስቀይር ሚስቴ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም።» ካፒቴን ሳቀ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም፤ «ዛሬ ማታ ሌላ ሰው ሊያያት ይመጣል» ብሎ ሸራውን መልሶ አለበሳት።

መንገድ ዳር ቆመው ካፒቴን ጠየቃት። «እህሳ እትዬ? ምን ታዘብሽ?» ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነበር። ጥሩ ናት፣ ጎማው ቀላል ነው ብትለው ማን ያውቃል? በሦስት ወር ውስጥ ጎማው እንደ ድመት ቆዳ ተገፎ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ይገትራታል፤ ያኔ ይገባው ነበር። ያ ክፉ ሐሳብ ለአፍታ ሞቃት፣ ደስ አላት። ከዚያ እማማ ታሰቧት። ዝም ያሏት እማማ፤ ግን ደግሞ ባሏ የሞተ ዕለት መሬት ላይ ቁጭ ብለው ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው ያደሩ እማማ። የሳቸው የእርጅና ጥሪት ነው በዚህች መኪና ላይ የሚጫነው። ሌላም ነበር፤ ለራሷ የምትደብቀው። ካልገዛት ገንዘቡ ይቀመጣል፣ ገንዘቡ ከተቀመጠ ተስፋዋም ይቀመጣል። ስለዚህ እውነቱን ለመናገር ወሰነች። «ና፣ ጎሚስታው ጋ እንሂድ። ከእኔ ከምትሰማው ከእሱ ስማው» አለችው።

ጎሚስታው ከእሷ ሱቅ ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው ጎማ የሚጠግነው፤ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ራዲዮኑን የማይዘጋ ሰው። አሞኛል ያለችው አለቃዋ እንዳያያት በጓሮ በኩል ዞረው ገቡ። የጎማውን ቁጥር ስትነግረው የያዘውን ፔንሳ አስቀመጠ። «ይሄ ጎማ አይደለም፣ ቀለበት ነው። ጣት ያለው ይግዛው» ብሎ ሳቀና፣ ካፒቴን እንዳልሳቀ ሲያይ ሳቁን ዋጠ። የፊቱ አንዱ አሥራ አምስት ሺህ። የኋላው አንዱ ሃያ። ያውም ከተገኘ፤ ካልተገኘ በትዕዛዝ ነው የሚመጣው፣ እስኪመጣ መኪናዋ ትቆማለች። የፊትና የኋላው ስለማይገጥም አቀያይሮ ዕድሜ ማስረዘም የለም። ስኮርታም፣ ትርፍ ጎማም፣ የላትም። «መንገዱ ጥሩ ከሆነ ጎማው ሁለት ዓመት ያስኬድሃል። እዚህ እኛ መንገድ ላይ…» አለና ከሱቁ ፊት ያለውን የተቦረቦረ አስፋልት በአገጩ አሳየው። «ዓመት ከሞላህ ፈጣሪህን አመስግን።» ርካሹን ብገጥምላትስ አለ ካፒቴን። «ግጠምላት። ሙሽሪት ስትገባ ንገራት ብቻ።»

ከዚያ ሻይ ቤት ገቡ። ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ፣ ግድግዳው ላይ የዋጋ ዝርዝር ተሰርዞ ተሰርዞ አዲስ ዋጋ በተጻፈበት ስር ተቀመጡ። የቀረውን እሷ ነገረችው። የፍሬን ሸራዋ እንደሌላው መኪና ሸራ አይደለም፣ ዲስኩም ከሸራው ጋር ያልቃል። ዘይቷ ከየትም የሚቀዳ ዘይት አይደለም። ንዝረት የሚይዙት ሾኮቿ አንዱ ከፈሰሰ በጥንድ ነው የሚቀየሩት። እየነገረችው ሳለ ድምጿ የሱቅ ድምፅ ሆነባት፤ ደንበኛ ፊት የቆመች መሰላት፤ ጨከን አለች፣ አንድም አልሸሸገችም። ካፒቴን ሻዩን አልነካውም። ሲያዳምጥ ቆየና ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ሁለት ዓመት» አላት ከእጆቹ ስር። «ሁለት ዓመት ሙሉ የእናቴን ዳቦ በላሁ። ጠዋት ጠዋት ሸሚዝ የምተኩሰው ምን ላደርግ ይመስልሻል? ጓደኞቼ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ፣ ገንዘብ የምበደር መስሏቸው። ያላመለከትኩበት መሥሪያ ቤት የለም። ይቺ ካመለጠችኝ አለቀልኝ፣ እትዬ። ቀልድ አይደለም፤ አለቀልኝ።»

አዘነችለት። ከጠዋት ጀምሮ ልትጠላው ስትሞክር ነበር፤ አልሆነላትም። እጇን ወደ እሱ ልትሰድ ብላ መለሰችና የሻይ ማንኪያዋን አነሳች። «ለምን ይቺን? ዝቅ ያለች ግዛ። አሮጌ የቤተሰብ መኪና፣ ጎማዋ በየሱቁ ያለ፣ ዕቃዋ የማያስለቅስ። ያም ይሠራል። ዋጋዋ የዚችን ግማሽ አይሆንም። ከተረፈው…» እዚህ ላይ ቆመች። «ከተረፈው» የሚለው ቃል ጠረጴዛው ላይ እንደ ፈሰሰ ሻይ ቀረ። ካፒቴን እጆቹን ከፊቱ ላይ አነሳ። «ከተረፈው ምን?» አላት። «ምንም።» «አይ፣ ጨርሺዋ። ከተረፈው ምን?» ስምንት ወር ያጠራቀመችውን ንግግር ሁሉ ትታ ሻይዋን አማሰለች። «ምንም አልኩህ እኮ» አለች። «አሃ» አለ ካፒቴን። ዓይኑ ውስጥ የነበረው ሐዘን ሲዘጋ አየችው፤ በር እንደሚዘጋ ነው የተዘጋው።

ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጠጣና ሰውነቱን አስተካከለ። «እሺ። አንቺ ሂሳብ ትችያለሽ። ጎማውም፣ ዘይቱም፣ ሸራውም ተደምሮ ለወር ሲካፈል ስንት ይመጣል?» ጥያቄው የተስፋ መቁረጥ መሰላት። ቁጥሩን ሲሰማ ይበቃዋል ብላ አሰበች። ሳትቀንስ ሳትጨምር አሰበችውና «በወር ስምንት ሺህ ግድም» አለችው። «ስምንት ሺህ» አለ ካፒቴን። ደገመው፣ «ስምንት ሺህ።» ከዚያ ፊቱ ፈካ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልገው ያደረ ነገር ትራሱ ስር የተገኘለት ሰው ይመስል ነበር። «ያንቺ ክፍል እኮ ቢከራይ በወር ስምንት ሺህ ያወጣል! የጎረቤት ደላላ ባለፈው ሳምንት ጠይቆኝ ነበር።» አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የበያጁ ሚስት መጀመሪያ ያለው አልገባትም፤ ቀጥሎ ገባት፤ ቀጥሎ ደግሞ ያልገባት መስላ ለመቆየት ፈለገች። «ክፍሌን?» አለች። «አንቺ ከእማዬ ጋር ትተኛለሽ። ብቻሽን ምን ያደርግልሻል? እሷም እየደከመች ነው፣ ሌሊት ሰው ያስፈልጋታል። ጎማው በክፍሉ ኪራይ ይሸፈናል፤ እኔ የምሠራው ትርፍ ነው!»

«ክፍሉን ወንድምህ ነው የሠራው» አለችው። ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም። «በሩን በእጁ ነው የበየደው። መስኮቱን፣ መደርደሪያውን…»

«እማዬ ግቢ ውስጥ ነው የሠራው» አለ ካፒቴን፣ ሰላማዊ ድምፅ ነበረው፤ ቂም የሌለበት። ለሻዩም አልከፈለም። ሐኪሙ ጋ እየደወለ ወጣ፤ ለእናቱ ደግሞ ልብሳቸውን እንዲለብሱ፣ ባንክ አብረው እንደሚሄዱ ሊነግራቸው ነው።

ወደ ቤት በእግሯ ሄደች። ታክሲ ልትይዝ ትችል ነበር፤ ግን ቶሎ መድረስ አልፈለገችም። መንገዱ ላይ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ጎማውን ብቻ ነበር የምታየው። ስትደርስ ዋናው ቤት ተቆልፏል፤ ሄደዋል። ክፍሏ ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ ስፋት የለውም፤ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ የልብስ ሳጥን፣ ጥግ ላይ ምድጃ። ጣሪያው ዝናብ ሲመጣ በምዕራቡ ጥግ ያንጠባጥባል፤ አልጋውን ሁለቴ ቦታ ቀይረውለታል። በሩ ግን በሰፈሩ የሌለ በር ነው። ባሏ ከየሥራው የተረፈ ብረት እያመጣ በስድስት እሁድ የበየደው፣ ላዩ ላይ አበባ ይሁን ፀሐይ ያልለየለት ቅርፅ ያለበት። «ፀሐይ ነው» ይል ነበር እሱ፤ «ሽንኩርት ነው» ትለው ነበር። በሩን እያየች፣ እማማ ባንክ ደርሰው ብዕሩን ሲይዙ አንድ ነገር ቢያስታውሳቸውስ፣ እጃቸው ቢቆምስ አለች። ሰው ሲጨንቀው የማያስበው የለም። ብዕሩ ቀለም ቢጨርስ፣ ባንኩ መብራት ቢጠፋበት፣ ያ ሌላው ገዢ ቀድሞ ቢወስዳት። አለቃዋ ደወለላት፤ አላነሳችውም።

መኪናዋ ስትመጣ ድምጿ ከሩቅ ነው የተሰማው። የጎረቤት ልጆች እየሮጡ ወጡ፣ ሴቶች በየአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ፤ «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ እሰይ፣ በደስታ ንዷት» ተባለ። እማማ ከመኪናዋ መውጣት አቅቷቸው ካፒቴን በሁለት እጃቸው ስቦ አወጣቸው፤ ነጠላቸው ከራሳቸው ላይ ተንሸራትቶ ሽበታቸው ታየ። ለጎረቤቱ ሁሉ አንገታቸውን ደፋ እያደረጉ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ፣ የበያጁ ሚስት የቆመችበትን ደጃፍ አልፈው ሳሎን ገቡ። ተከትላቸው ገባች። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲታገሉ አገኘቻቸው፤ እንደ ወትሮው ተንበርክካ አወለቀችላቸው። እግራቸው አብጧል። ቀና ሳትል፣ ጫማውን እንደያዘች፣ «እማማ፣ ጠዋት ስትነጋገሩ ሰምቻለሁ» አለቻቸው። «ምንም ባይሰጡኝ ግድ የለኝም። አንድ ቃል ብቻ ይናገሩልኛል ብዬ ነው የዋልኩት።» እማማ እጃቸውን ወደ ጭንቅላቷ ዘረጉ፤ አየር ላይ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። «ያቺ መኪና ዝቅ ያለች ናት» አሉ። «ወገቤን ቆረጠችኝ።» የበያጁ ሚስት ጫማዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጠች።

ደላላው አንድ ሰዓት እንኳን አልቆየም። ባልና ሚስት ይዞ መጣ፤ ልጅ እግር ናቸው፣ አዲስ የተጋቡ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው ግቢ የገቡት። ካፒቴን ክፍሉን ራሱ አስጎበኛቸው። የበያጁ ሚስት ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ልጅቷ በሩን በጣቶቿ ስትዳብስ አየቻት። «ይሄ ሥራ ያምራል፤ ፀሐይ ነው አይደል?» አለች ልጅቷ ለባሏ። ልጅቷ ዞር ብላ «እርስዎ ነዎት የሚለቁት? ቤት ሠርተው ነው?» ብላ በትሕትና ጠየቀቻት። ካፒቴን «እሷ ቤተሰብ ናት፣ ወደ ዋናው ቤት ትገባለች» አለ ፈጥኖ። ዋጋ ተከራከሩ፤ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ተባለ፣ ካፒቴን ስምንት ካልሆነ አይሆንም አለ፤ ባልየው ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ በሩን አየች፤ ተስማሙ። «ዛሬ ዕቃችንን ብናስገባ ይቻላል?» አለ ባልየው። የምንኖርበት ቤት ሰዎች አባረሩን አለ። ካፒቴን «ለምን አይቻልም!» አለ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ቁልፉ መዳፏ ውስጥ ነበር፤ መቼ እንደያዘችው አታውቅም። እማማ በባዶ እግራቸው የሳሎኑ በር ላይ ወጥተው ቆመዋል። ቀኑን ሙሉ ያላወጡት ቃል አሁን ወጣ። «ልጄ» አሏት፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ቁልፉን ስጪያቸው።»

ቁልፉን ለልጅቷ በእጇ ሰጠቻት። «አልጋችሁን በዚያ ጥግ እንዳታደርጉት፣ ያንጠባጥባል» አለቻት። ከዚያ ገብታ ልብሷን በአንሶላ ቋጠረች፤ ፍራሹን ጠቅልላ በገመድ አሰረችው። ሌላው ዕቃ ይቆይ፣ ማን ያውቃል መቼ እንደምትወስደው። ከከተማው ዳር የምትኖር አክስቷ ጋ ደወለች፤ ያሳደገቻት፣ በአንድ ክፍል ከሦስት ልጆች ጋር የምትኖር አክስቷ ናት። «አክስቴ፣ ዛሬ ልመጣ ነው።» «ምነው? ምን ሆነሽ?» «ምንም አልሆንኩም። ጥግ ላይ ቦታ አይጠፋም ብዬ ነው።» አክስቷ «ነይ» አለቻት። እማማ የሳሎኑን በር ይዘው እያዩዋት ነበር። «ምን ያስቸኩልሻል? የኔ አልጋ ሰፊ ነው እኮ» አሉ። «አልጋውስ ሰፊ ነው፣ እማማ» አለቻቸው። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች።

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው። ፍራሹን በትከሻዋ፣ ቋጠሮውን በእጇ ይዛ የግቢው በር ላይ ስትደርስ መውጫ አጣች። ካፒቴን መኪናዋን ግማሿን ግቢ ግማሿን መንገድ አድርጎ በሩ መሐል አቁሟታል፤ ከግራም ከቀኝም ሰው በጎኑ እንጂ በሸክም አያልፍም። ቆመች። ካፒቴን መስታወቷን በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ አያት፤ ፍራሹን አየ፤ ዓይኑን ሰብሮ ፈጥኖ ገባና ሞተሩን አስነሳ። በሩ ጠባብ ነው፣ የድንጋይ ጠርዙ ከሁለቱም በኩል ወደ ቸርኬዎቹ ተጠግቷል። አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሞከረ፣ ፈርቶ ቆመ። ሁለተኛ ሞከረ፣ አሁንም ቆመ። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣ። ፊቱ ላይ ላብ አለ፣ ዓይኑ ውስጥ ሻይ ቤት ያየችው ፍርሃት።

«እትዬ» አላት፣ ልመና ባለበት ድምፅ፣ «እባክሽ ከኋላ ሆነሽ እዪልኝ። ቸርኬው ከነካ አለቅኩ።»

የበያጁ ሚስት ፍራሹን ከትከሻዋ አወረደች። በጎኗ ተሹለክልካ መንገዱ ላይ ወጣች፤ ጎማውን፣ ከድንጋዩ የቀረውን ክፍተት አየች። ከዚያ ሁለት እጇን ከፍ አደረገች።

«ና» አለችው። «ና… ና… ትንሽ ወደ ቀኝ… ና… ና። በቃ።»